በኮምፒውተር የሚመዘገብ ሽያጭ እጥፍ ሆኖ እንዳይጻፍ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አገር፣ ሮብ ገበያ የሚባለው ስፍራ ስሙን ያገኘው ከገበያው ቀን ነው። እንዲህ ባለው የገበያ ቀን ከየአካባቢው የሚመጣው ገበሬ ጤፉንና ስንዴውን ሸጦ፣ ጨውና ጨርቅ፣ ቆርቆሮና ምስማር ገዝቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤቱ ለመመለስ ስለሚቸኩል የባለሱቁ ሥራ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ይጨናነቃል። ሽያጩን በደብተር የሚጽፍ ነጋዴ በዚህ ጥድፊያ መካከል የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ሳይጽፍ በመዝለል ነው። በኮምፒውተር የሚመዘግበውን ግን ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተት ያገኘዋል፤ ይኸውም አንዱ ሽያጭ ሁለት ጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜም ዐሥራ አምስትና ዐሥራ ስድስት ጊዜ ተጽፎ መገኘቱ ነው።

ማታ ሒሳብ ሲዘጋ በሣጥኑ ያለው ገንዘብ ከመዝገቡ አንሶ ይገኛል። ጥርጣሬውም መጀመሪያ የሚያርፈው በመኪናው ላይ ሳይሆን ከመኪናው ፊት በተቀመጠው ሻጭ ላይ ነው። እጁ ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ ያልተቀበለው ገንዘብ በመዝገብ ስለ ተጻፈ ብቻ ታማኝነቱ ይጠየቃል፤ ምናልባትም ከደመወዙ ይቈረጥበታል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ለምሳሌ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ አንድ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ 40 ቆርቆሮ አንዱን በ900 ብር ቢሸጥ ዋጋው 36,000 ብር ሲሆን፣ በ15 በመቶ የሚታሰበው ታክስ 5,400 ብር ነው። ይኸው ሽያጭ ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ መዝገቡ 72,000 ብር ሽያጭና 10,800 ብር ታክስ ያሳያል፤ ነጋዴውም ካልሸጠው ዕቃ ላይ የ5,400 ብር ባለዕዳ ሆኖ ይታያል። ከዕቃ ቤቱ መዝገብ ደግሞ 40 ቆርቆሮ በትርፍ ስለሚቀነስ፣ ዕቃው በግድግዳው ሥር ተደርድሮ ሳለ አለቀ ተብሎ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ሌላ ይታዘዛል። የእህል ላኪውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የገዛው የሰሊጥ ወይም የቦሎቄ ኩንታል እጥፍ ተደርጎ ከተጻፈ፣ በእጁ የሌለውን እህል ለውጭ አገር ገዢ ቃል ሊገባ ይችላል።

የዚህ ስሕተት ምክንያት ብዙ ጊዜ የሻጩ ቸልተኝነት አይደለም፤ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው አንድ ቁልፍ በተነካ ጊዜ በውስጥ የሚሆነውን ሁሉ በሚገባ አለማሰቡ ነው። ነጋዴው ፕሮግራም ሲገዛ ወይም ሲያሠራ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቅ ዘንድ ነገሩ ከሥሩ ቢገለጽ ይጠቅማል።

አድማጩና ቁልፉ

ዛሬ ለሱቅና ለመጋዘን ከሚሠሩት የመመዝገቢያ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የሚከፈቱት ብራውዘር በሚባለው የኢንተርኔት ገጾች በሚታዩበት መስኮት ነው። በዚያ መስኮት ውስጥ ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ይባላል። ይህን ቋንቋ በ1995 እ.ኤ.አ. ብሬንደን አይክ የተባለው አሜሪካዊ በኔትስኬፕ ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ አወጣው፤ የመጀመሪያውን ቅርጽ ለመስጠት የፈጀበት ጊዜም 10 ቀን ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ የታሰበው ለኢንተርኔት ገጾች ጥቂት እንቅስቃሴ ለመጨመር እንጂ የነጋዴ መዝገብ ለመያዝ አልነበረም።

የቋንቋው አሠራር በር ላይ እንደ ተቀመጠ ዘበኛ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ፕሮግራም ሠሪው አንድ አድማጭ ያቆማል፤ አድማጩንም «ይህ ነገር በደረሰ ጊዜ ይህን ሥራ» ብሎ ያዘዋል። ለምሳሌ ኢንተር የሚባለው ቁልፍ ሲነካ ሽያጩን መዝግብ ይለዋል። አድማጩ የሚቆምበት ትእዛዝ አድ ኢቨንት ሊስነር ይባላል፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ከተጻፈ ወዲህ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አድማጩ የታዘዘውን በታማኝነት ይፈጽማል፤ ማመዛዘን ግን አይችልም። ድምፅ በሰማ ቁጥር ይሠራል። አንድ ጊዜ ቢሰማ አንድ ሽያጭ፣ ዐሥር ጊዜ ቢሰማ ዐሥር ሽያጭ ይመዘግባል። እንግዲህ መታወቅ ያለበት፣ አንድ ጣት በአንድ ቁልፍ ላይ ባረፈ ጊዜ ስንት ድምፅ ይሰማል የሚለው ነው።

በቀድሞው የጽሕፈት መኪና ነገሩ ቀላል ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ ፊደል ባበጁት ዓይነት መኪና የሚጽፍ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ቢቈይም ብረቱ ወረቀቱን የሚመታው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ምልክት ለማግኘት ጣቱን አንሥቶ እንደ ገና መምታት አለበት። የኮምፒውተር ቁልፍ ግን ተጭኖ ከተያዘ ራሱን ይደግማል። ዊንዶውስ በሚባለው ሥርዐት የመጀመሪያው ድግግሞሽ ከመምጣቱ በፊት ያለው ፋታ ከሩብ ሰከንድ እስከ አንድ ሰከንድ ድረስ ሊስተካከል ይችላል፤ ከፋታው በኋላ ቁልፉ በሰከንድ እስከ 30 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ፋታው ግማሽ ሰከንድ፣ ፍጥነቱም 30 በሆነበት ኮምፒውተር አንድ ሻጭ ደንበኛውን እያነጋገረ ኢንተርን ለአንድ ሙሉ ሰከንድ ቢጫን፣ መጀመሪያ አንድ ድምፅ፣ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ደግሞ 15 ያህል፣ በድምሩ 16 ያህል ድምፆች ይሰማሉ። ከፍ ብሎ ዐሥራ ስድስት ጊዜ የተባለው ከዚህ የመጣ ነው።

ብራውዘሩ ቁልፍ ሲወርድ ኪይዳውን፣ ቁልፍ ሲነሣ ደግሞ ኪይአፕ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ድምፆች አሉት። የሚደጋገመው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ጣት ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል። ስለዚህ አንዳንድ ፕሮግራም ሠሪዎች አድማጩን በኪይአፕ ላይ በማቆም ከድግግሞሹ ያመለጡ ይመስላቸዋል። ይህ ግን ሌላ ጉድለት ያመጣል። ሻጩ «እሺ» ለማለት በአንድ መስኮት ላይ ኢንተርን ሲጫን መስኮቱ ወዲያው ይዘጋል፤ ጣቱ ሲነሣ የሚሰማው ድምፅ ግን በስተኋላ ባለው መስኮት ላይ ይወድቅና ያልታሰበ ሽያጭ ያስመዘግባል። የሚሻለው አድማጩን በኪይዳውን ላይ አቁሞ ሪፒት የሚባለውን ምልክት እንዲመለከት ማድረግ ነው። ድምፁ የመጀመሪያው ሳይሆን ቁልፉ ተጭኖ በመያዙ የመጣ ድግግሞሽ ከሆነ፣ ብራውዘሩ በዚህ ምልክት ላይ «እውነት» የሚል መልስ ይሰጣል፤ አድማጩም ይህን ባየ ጊዜ ምንም ሳይሠራ ይመለሳል። ትእዛዙ ከአንድ መስመር የማይበልጥ ሆኖ ሳለ በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ አለመገኘቱ ያስደንቃል።

ሻጩ በእጁ ከሚነካው ቁልፍ ሌላ የባርኮድ ማንበቢያም አለ። አስመጪዎችና ትልልቅ ሱቆች የሚጠቀሙበት ይህ መሣሪያ ለኮምፒውተሩ የሚታየው ልክ እንደ ኪቦርድ ነው። 13 አኃዝ ያለበትን ባርኮድ ባነበበ ጊዜ አኃዞቹን አንድ በአንድ እንደ ጣት ይጽፋቸዋል፤ ብዙ ጊዜም በመጨረሻ ኢንተርን ይጨምራል። እንግዲህ ኢንተር ማለት «ሽያጩን ዝጋ» በሆነበት ፕሮግራም፣ ደንበኛው አራት ዕቃ ይዞ ቢመጣ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ሽያጭ ይዘጋና አራት ደረሰኝ ይወጣል። ሽያጩን ለመዝጊያ የሚሆነው ቁልፍ ማንበቢያው የማይልከው ሌላ ቁልፍ ቢሆን ይህ ችግር ከመጀመሪያውም አይነሣም።

በአማርኛ ሲጻፍ ነገሩ ጥቂት ይወሳሰባል። ድምፅን ተከትሎ በላቲን ቁልፎች በሚጻፍበት ዘዴ «ጤፍ» ለማለት ቢያንስ ሦስት ቁልፍ መንካት ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ «ጥ» ይታያል፣ በሁለተኛው «ጤ» ይሆናል፣ በሦስተኛው «ፍ» ይከተለዋል። ፊደሉ ሁለት፣ ቁልፉ ሦስት ነው፤ ከጎን የሚያዘው ሺፍት የሚባለው ቁልፍም የራሱ ድምፅ ስላለው ከዚያም ይበልጣል። የዕቃው ስም ሲጻፍ ዋጋውን የሚፈልግ ፕሮግራም በየድምፁ የሚሠራ ከሆነ «ጥ» ብሎ፣ «ጤ» ብሎ፣ «ጤፍ» ብሎ ሦስት ጊዜ ወደ ማእከሉ ይጠይቃል። በሞባይል ኢንተርኔት የሚሠራ ሱቅ የሚከፍለው ለሦስቱም ነው። እዚህ ላይ መድኃኒቱ ጸሐፊው ጣቱን እስኪያሳርፍ፣ ሲሶ ሰከንድ ያህል ጠብቆ አንድ ጊዜ መጠየቅ ነው። በስልክ ለሚሠራ ፕሮግራም ደግሞ ቁልፎችን መቊጠር ፈጽሞ አይበጅም፤ ብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች የፊደል ቁልፍ ሲነካ የትኛው እንደሆነ ሳይገልጹ ለሁሉም 229 የሚል ቁጥር ይሰጣሉና። በስልክ መደመጥ ያለበት በሣጥኑ ውስጥ የገባው ጽሑፍ ነው።

«አንድ ጊዜ» የሚለው ትእዛዝና ወጥመዱ

ጃቫስክሪፕት አድማጭ አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ እንዲሰናበት የሚያደርግ ትእዛዝ አለው። ዋንስ ይባላል፤ ትርጒሙም «አንድ ጊዜ» ማለት ነው። በ2016 እና በ2017 እ.ኤ.አ. በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ገብቷል። አድማጩ ሲቆም ይህ ቃል ከተጨመረለት የመጀመሪያውን ድምፅ ሰምቶ ሥራውን ይፈጽምና ወዲያው ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉ ቢነካም የሚሰማው የለም። ከዚያ በፊት ፕሮግራም ሠሪው አድማጩን በራሱ እጅ ማንሣት ነበረበት። ሽያጭ ሁለት ጊዜ ተመዘገበ የሚል አቤቱታ የቀረበለት ፕሮግራም ሠሪም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚይዘው ይህንኑ ቃል ነው። ነገር ግን «አንድ ጊዜ» የሚለው ቃል ከምን ተነሥቶ እንደሚቈጠር ካልታሰበ ሕመሙን በሌላ ሕመም መለወጥ ይሆናል።

አንደኛው ወጥመድ ይህ ነው። የኪቦርድ አድማጭ የሚሰማው ኢንተርን ብቻ አይደለም፤ ማንኛውንም ቁልፍ ይሰማል። የተነካው ኢንተር መሆኑን የሚመረምረው ከሰማ በኋላ ነው። ስለዚህ ዋንስ የተጨመረለት አድማጭ ሻጩ የደንበኛውን ስም ለመጻፍ የመጀመሪያውን ፊደል በነካ ጊዜ ይነቃል፤ ኢንተር አለመሆኑን አይቶ ምንም ሳይመዘግብ ይመለሳል፤ አንድ ጊዜ ሰምቷልና እዚያው ይሰናበታል። ሻጩ ጽፎ ጨርሶ ኢንተርን ሲጫን አድማጭ የለም። በሮብ ገበያ ጥድፊያ መካከል ይህ ከደረሰ ሻጩ «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» ብሎ አጥፍቶ ያበራዋል፤ ደንበኛውም ይሄዳል። ትክክለኛው አሠራር አድማጩ ኢንተር መሆኑን መርምሮ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ራሱን እንዲያነሣ ማዘዝ ነው። ማንሻው ሪሙቭ ኢቨንት ሊስነር ይባላል፤ የሚቀበለውም ሲቆም የተሰጠውን ያንኑ ሥራ በስሙ ሲጠራለት ነው። ስም የሌለው ሥራ ተሰጥቶት የቆመ አድማጭ በዚህ ትእዛዝ ሊነሣ አይችልም።

ሁለተኛው ወጥመድ «አንድ ጊዜ» ለገጹ ይሁን ወይስ ለሽያጩ የሚለው ነው። ባለሱቁ የሚፈልገው እያንዳንዱ ሽያጭ አንድ ጊዜ እንዲመዘገብ ነው። ገጹ ጠዋት ሲከፈት አንድ አድማጭ በዋንስ ከቆመና ገጹ እስከ ማታ ካልተዘጋ፣ የሚመዘገበው የዕለቱ የመጀመሪያ ደንበኛ ብቻ ነው። ይህን ለማዳን ፕሮግራም ሠሪው አዲስ የሽያጭ ቅጽ በተከፈተ ቁጥር አዲስ አድማጭ ያቆማል። እዚህ ላይ ነው ከሁሉም የከፋው ስሕተት የሚገባው።

አዲሱ አድማጭ ሲቆም አሮጌው ካልተነሣ ሁለቱም ይሠራሉ። የመጀመሪያው ሽያጭ አንድ ጊዜ ይመዘገባል፣ ሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛው ሦስት ጊዜ። በዚህ መንገድ ዐሥር ደንበኞች ያስተናገደ ሱቅ በመዝገቡ 55 ሽያጭ ያገኛል። ስሕተቱ ጠዋት አይታይም። ፕሮግራም ሠሪው መጥቶ አንድ ሽያጭ ሞክሮ «ደኅና ነው» ብሎ ይሄዳል፤ ከምሳ በኋላ መዝገቡ ያብጣል። ማታ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ አድማጮቹ ሁሉ ይጠፋሉ፤ በማግስቱም እንደ ገና ከአንድ ይጀምራል። ሻጩ የሚጠረጠረውም በዚህ ዓይነቱ ጊዜ ነው፤ ማንም ሊያሳየው የማይችለው ስሕተት ስለሆነ። ዋንስ ለዚህ ከፊል መድኃኒት ይሆናል፤ የሠራው አድማጭ ሁሉ ስለሚነሣ አይከማችም። ነገር ግን ደንበኛው ሐሳቡን ለውጦ ቅጹ ሳይመዘገብ ከተዘጋ ያ አድማጭ ሳይሠራ ቆሞ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ሽያጭም ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ቅጹ ሲዘጋ፣ ሽያጭ ቢኖርም ባይኖርም፣ አድማጩ እንዲነሣ መደረግ አለበት። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው አንድ አድማጭ ብቻ ጠዋት አቁሞ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራበት ማድረግና፣ «አንድ ጊዜ» የሚለውን ፍርድ ከአድማጩ ወደ ሽያጩ ማዛወር ነው።

ይህም የሚሆነው ለእያንዳንዱ የሽያጭ ቅጽ «በመመዝገብ ላይ» የሚል ምልክት በመስጠት ነው። ኢንተር ሲነካ አድማጩ መጀመሪያ ይህን ምልክት ያያል። ምልክቱ ካለ ይመለሳል፤ ከሌለ ግን ወዲያው ምልክቱን ያኖርና ከዚያ በኋላ ሽያጩን ወደ መዝገቡ ይልካል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። ጃቫስክሪፕት በአንድ ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ስለሚሠራ፣ ምልክቱ ከመላኩ በፊት ከተቀመጠ በመካከል ሌላ ድምፅ ሊገባ አይችልም። መልስ ከመጣ በኋላ የሚቀመጥ ምልክት ግን ጅቡ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኽ ውሻ ነው። አዝራሩንም በዚያው ቅጽበት ማደብዘዝና «እየተመዘገበ ነው» የሚል ጽሑፍ ማሳየት ይገባል፤ ሰው ሁለተኛ የሚጫነው የመጀመሪያው መሰማቱን ስለማያውቅ ነውና። ላኪው ስሕተት ነው የሚል መልስ ካገኘም ምልክቱ መነሣት አለበት፤ አለዚያ ሻጩ እንደ ገና ለመሞከር አይችልም።

ጣት ከታገደ በኋላ የሚቀረው

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ የሚጠብቀው በአንድ ገጽ ላይ ያለውን ቁልፍ ብቻ ነው። መዝገቡ ያለው በሌላ ከተማ ከሆነና በመካከል ኔትወርክ ከተቋረጠ ግን ቁልፉን መጠበቅ ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ የአንድ ነጋዴ መጋዘን በሞጣ፣ መዝገቡ በአዲስ አበባ ቢሆን፣ ከሞጣ የተላከው ሽያጭ አዲስ አበባ ደርሶ ተመዝግቦ፣ «ተቀብያለሁ» የሚለው መልስ በመንገድ ሊጠፋ ይችላል። በሞጣ ያለው ሻጭ መልስ ስላላየ ያልተመዘገበ ይመስለዋል። ገጹን ዘግቶ ይከፍታል፤ ምልክቱም አድማጩም ከገጹ ጋር ጠፍተዋል፤ ሽያጩን እንደ ገና ጽፎ ይልካል። ሁለቱም መላክ በየራሱ ትክክል ነው። መዝገቡ ግን እጥፍ ሆነ።

ነጋዴው የዚህን መድኃኒት ከኮምፒውተር በፊት ያውቀዋል። የደረሰኝ ጥራዝ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ተከታታይ ቁጥር ታትሞበት ይመጣል። ቁጥሩ ሽያጭ ከመጻፉ በፊት አለ። ከአንድ ቅጠል የተወሰዱ ሁለት ግልባጮች ለሒሳብ ሹም ቢደርሱት ቁጥራቸውን አይቶ አንድ ሽያጭ መሆናቸውን ያውቃል፤ ሁለት ብሎ አይደምርም። በኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። የሽያጭ ቅጽ ሲከፈት መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ከሽያጩ ጋር ይላካል፤ ተቀባዩ መዝገብ ያንን ቁጥር ከዚህ በፊት አይቶት ከሆነ ሁለተኛ ሳይጽፍ የመጀመሪያውን መልስ መልሶ ይልካል።

እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል ነገር ሥራውን ሁሉ ታበላሻለች። ቁጥሩ መሰጠት ያለበት ቅጹ ሲከፈት ነው፤ ኢንተር ሲነካ አይደለም። በየመነካቱ አዲስ ቁጥር የሚሰጥ ፕሮግራም ሁለቱን ሽያጮች በሁለት ልዩ ልዩ ቁጥሮች ስለሚልክ፣ ተቀባዩ መዝገብ ሊያውቃቸው አይችልም። ቁጥሩም ገጹ ቢዘጋ እንዳይጠፋ ከተጀመረው ሽያጭ ጋር በኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ መቈየት አለበት። ሁለት ወይም ሦስት ኮምፒውተር ያለው ሱቅ ደግሞ የሁለት ደንበኞች ቁጥር እንዳይገጣጠም በቁጥሩ መጀመሪያ ላይ የኮምፒውተሩን መለያ ቢጨምር ጥሩ ነው፤ ከሁለት ጥራዝ ደረሰኝ የሚጽፉ ሻጮች የጥራዙን ቁጥር እንደሚጨምሩት ማለት ነው። በተቀባዩ በኩልም ቁጥሩ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክለው የመረጃ ቋቱ ራሱ ሊሆን ይገባል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ «አለ ወይ» ብሎ ጠይቆ ከዚያ የሚጽፍ ከሆነ፣ በአንድ ቅጽበት የመጡ ሁለት መልእክቶች ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ አግኝተው ሊጻፉ ይችላሉ።

ይህ አሠራር በገንዘብ ማስተላለፊያዎች ዘንድ የተለመደ ነው። በአገራችን የክፍያ አገልግሎት ከሚሰጡት አንዱ የሆነው ቻፓ፣ ነጋዴው ለሚጠይቀው ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር ከጥያቄው ጋር እንዲልክ ይጠይቃል። በውጭ አገር ስትራይፕ የተባለው ድርጅት ተመሳሳይ ቁልፍ ቃል ከጥያቄው ጋር ሲላክለት ይይዛል፤ ቢያንስ ለ24 ሰዓትም ሳያጠፋ ያቈየዋል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ያው ጥያቄ ደግሞ ቢመጣ አዲስ ክፍያ ሳይፈጽም የቀድሞውን መልስ ይመልሳል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ የሚከፈል ገንዘብ በየሱቁ እየተለመደ ስለመጣ፣ የባለሱቁ የራሱ መዝገብም በዚህ ሥርዐት ቢሠራ ሁለቱን ለማስተያየት ያመቻል። የክፍያው ማረጋገጫ ቁጥር በሽያጩ መዝገብ ላይ ከተጻፈ፣ አንድ ክፍያ ሁለት ሽያጭ ሊሆን አይችልም።

ፕሮግራሙን ከመቀበል በፊት

ነጋዴው ጃቫስክሪፕት ማወቅ አያስፈልገውም። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ግን ፕሮግራም ሠሪውን አጠገቡ አስቀምጦ ጥቂት ሙከራ ማድረግ ይችላል። ኢንተርን ተጭኖ ሦስት ሰከንድ ያህል ይቈይና ስንት ሽያጭ እንደ ተመዘገበ ይይ። ከዚያ ገጹን ሳይዘጋ አምስት ሽያጭ አከታትሎ ይመዝግብ፤ አምስተኛው አምስት ጊዜ ተጽፎ ከተገኘ አድማጮቹ እየተከማቹ መሆናቸው ታወቀ። አንድ ቅጽ ከፍቶ ሳይመዘግብ ይዝጋው፤ ቀጥሎ የሚመዘግበውን ይቊጠር። የባርኮድ ማንበቢያ ካለውም ሦስት ዕቃ በፍጥነት ያስነብብ። በመጨረሻ ሽያጩን እንደ ላከ ወዲያው ኔትወርኩን ያቋርጥና፣ ገጹን ዘግቶ ከፍቶ ያንኑ ሽያጭ እንደ ገና ይላክ። ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ከባዱ ነው፤ ፕሮግራም ሠሪው «ይህ አይደርስም» ካለ የዝናብ ጊዜ የሞጣን ወይም የቢቸናን ኔትወርክ አያውቅም ማለት ነው።

ቀድሞ እጥፍ ሆኖ የተመዘገበ ሽያጭ ሲገኝ ከመዝገቡ መፋቅ አይገባም። የተፋቀ መዝገብ ለመርማሪ ከእጥፉ ይልቅ ያጠራጥራልና። ትርፍ የሆነው ሽያጭ በዚያው መጠን በተቃራኒው ተጽፎ፣ የመጀመሪያው ሽያጭ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት በማብራሪያው ላይ ሊጠቀስ ይገባል፤ የታተመ ደረሰኝ ካለም ዋናው ከግልባጩ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። የሁለቱ ሽያጮች ሰዓት እስከ ሰከንድ ድረስ በመዝገቡ ላይ ካለ ስሕተቱ ከጣት ይሁን ከመኪናው ወዲያው ይለያል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 16 ሽያጭ የመዘገበ ሻጭ በዓለም ላይ የለም።